እንግዳውን ፕሮግራም ሳሎን አታስገቡት!

የባለፈው ሳምንት የዕቁብ ጉዳይ ብዙ ደብዳቤ አስከትሎብኛል። ተራ በተራ እመለስበታለሁ፤ አትቀየሙኝ። ዛሬ ግን ወረፋ አስጥሼ የአንዲት ወጣት ደብዳቤ አስቀድማለሁ። አንደኛ፣ ጉዳይዋ ቀን አይሰጥም። ሁለተኛ፣ የጠየቀችው ነገር እኔንም ያቃጠለኝ ነው። ጥቂት አሳጥሬ ይኸውላችሁ።

«ለአምዱ አዘጋጅ ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ይቆየኝ። የ25 ዓመት ወጣት ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን የሰርግና የልደት ቪዲዮ እናቀናብራለን። ላፕቶፔን የገዛሁት ዕቁብ ወጥቶልኝ ነው። አሁን የ3 ሙሽሮች ቪዲዮና ፎቶ አለበት፤ የሁለቱ ገና አላለቀም። የምሠራበት ፕሮግራም አርጅቷልና አንድ የምናውቀው ልጅ አዲሱን በፍላሽ አመጣልኝ። ‹ክራኩ አብሮ አለ፤ ስትጭኚው ብቻ አንቲ ቫይረሱን አጥፊው› አለኝ። ፍላሹ ይኸው 4 ቀኑ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኖ ያየኛል። ጓደኛዬ ‹ፋራ አትሁኚ፣ ጫኚው› ትለኛለች። እጮኛዬ ደግሞ ‹ኮምፒዩተርሽ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ከፍተሽ እዚያ ሞክሪው› ይላል። እያሾፈብኝ ነው ወይስ እውነት እንዲህ ያለ ነገር አለ? እባክዎን ቶሎ ይመልሱልኝ፤ ሥራውን የምናስረክበው ከ2 ሳምንት በኋላ ነው።»

እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ፍላሽ ከጠረጴዛው ላይ አንሺና መሳቢያ ውስጥ ቆልፊበት። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትነኪው። እጮኛሽ አላሾፈብሽም፤ እውነቱን ነው። ጓደኛሽም ክፉ አስባ አይደለም። ያልተቃጠለ ሰው እሳትን ከሩቅ ሲያየው ያምርበታል። እኔ ግን ተቃጥያለሁ። ፋራ ላለመባል የከፈልኩትን ልንገርሽና ከዚያ ወደ ዘዴው እንሄዳለን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው። አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከማረፏ በፊት አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ አጠገቧ ቁጭ ብዬ 40 ደቂቃ ያህል ድምፅዋን ቀድቼ ነበር። መጀመሪያ ያልኳት «እማማ፣ እስቲ እስከ ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ» ነው። ሳትደናቀፍ ቆጠረችልኝ። ከዚያ ወደ ልጅነቷ፣ ወደ ትዳሯ፣ አዲስ አበባ ወደመጣችበት ዘመን ገባች። ቀረጻው ግን የሲኒ መንኳኳትና የጎረቤት ዶሮ ጩኸት ነበረበት። ሙት ዓመቷ ሲደርስ ለዘመድ ላሰማው አሰብኩና «ድምፁን ላጥራው» ብዬ ፕሮግራም መፈለግ ጀመርኩ።

አንዱን ወደድኩት። ሲገዙት በዶላር ነው፤ ክራኩ ግን በነጻ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! አብሮት የመጣው መመሪያ «አንቲ ቫይረሱን አጥፋ፣ ከዚያ አስነሳ» ይላል። አጠፋሁ። አስነሳሁ። ምንም አልተፈጠረም። «አይሠራም ማለት ነው» ብዬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ የፋይሎቼ ስም ሁሉ ጅራት አብቅሏል። ፎቶው አይከፈትም፣ ጽሑፉ አይከፈትም፣ ድምፁ አይከፈትም። በየፎልደሩ አንዳንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። ፋይሎችህ ተቆልፈዋል፣ መክፈቻው 980 ዶላር ነው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈልክ ግን ግማሹን 490 ዶላር ብቻ፣ ይላል። ቅናሽ ማድረጋቸው ነው እንግዲህ! በድንጋጤ አንቲ ቫይረሱን መልሼ አበራሁት። ያኔ መጮህ ጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

በማግስቱ ላፕቶፑን ታቅፌ ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ የሰፈራችን ልጅ ዘንድ ሄድኩ። ገና የፋይሎቹን ጅራት ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ክራክ ጭነዋል አይደል?» አለኝ። እንደዚያ ቀን በልጅ ፊት አፍሬ አላውቅም። የያዘኝ «ስቶፕ» ወይም «ዴጃቩ» የሚባለው የፋይል ቆላፊ ዘር መሆኑን ነገረኝ። ይህ ዘር በዋነኛነት የሚዛመተው ልክ እኔ ባወረድኩት ዓይነት ክራክና የቁልፍ ማመንጫ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። መቆለፍ ብቻም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሌላ ሌባ አስከትሎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ ለብዙዎቹ የቀድሞ ዝርያዎች ነጻ መክፈቻ አውጥቶ ነበር። የእኔው ከአዲሶቹ ሆነና አልከፈተልኝም።

ልጁ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ይህ ቆላፊ ችኩል ስለሆነ ከትልልቅ ፋይሎች የሚቆልፈው የመጀመሪያውን 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪውን አይነካውም። የአያቴ ቀረጻ ኤምፒ ስሪ ነበርና የተቆለፈውን ራስጌ ቆርጦ ጥሎ የቀረውን አጫወተልኝ። የአያቴ ድምፅ መጣ። ሲኒውም መጣ፤ ዶሮውም መጣ። የጎደለው ከመጀመሪያው 10 ሰከንድ ያህል ነው።

አሥር ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። እስከ ሰባት ቤት የቆጠረችበት ነው። ቀረጻው አሁን የሚጀምረው ከሰባተኛው ስም ነው። የአባቷንና የአያቷን ስም እናውቃለን። መካከል ላይ ያሉት አራቱ ግን ጠፍተዋል። ዛሬ ተጠይቆ የሚቆጥር ሰው ከቤተሰባችን የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ የዶሮ ጩኸት ላጠፋ ብዬ አራት አያቶች አጠፋሁ።

ያን ቀን ነው ልጁ «ጋሼ፣ የማያውቁትን እንግዳ በቀጥታ ሳሎን ያስገባሉ እንዴ? ሰርቪስ ቤት አለልዎት እኮ!» ብሎ ይህን ዘዴ ያሳየኝ።

ሰርቪስ ቤቱ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ግቢው አንድ ነው። ዋናው ቤት የባለቤቱ ነው፣ ከጓሮ ደግሞ ሰርቪስ ቤት አለ። ተከራዩ የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ አልጋ አለው። ውሃና መብራቱ ግን ከባለቤቱ ቆጣሪ ነው። ተከራዩ አንድ ሌሊት ሰክሮ ዕቃ ቢሰባብር የሚሰባበረው የሰርቪሱ ዕቃ ነው፤ ሳሎኑ ሰላም ያድራል።

ቨርቹዋል ማሽን ማለትም ይኸው ነው። ቨርቹዋልቦክስን የመሰለ ፕሮግራም ከላፕቶፕሽ ሜሞሪና ፕሮሰሰር ላይ ድርሻ ቆርሶ ሌላ ኮምፒዩተር ያስመስልልሻል። ሃርድ ዲስክሽ ላይ አንድ ትልቅ ፋይል ይፈጥራል። ውስጠኛው ኮምፒዩተር ያንን ፋይል ሙሉ ሃርድ ዲስክ አድርጎ ያየዋል። የራሱን ዊንዶውስ ትጭኝለታለሽ፤ በአንድ መስኮት ውስጥ ተከፍቶ ይሠራል። እዚያ ውስጥ የሚነሳ ፕሮግራም «ድራይቭ ሲ» ብሎ የሚያየው የሰርቪሱን እንጂ የአንቺን አይደለም። ልቆልፍ ቢል የሚቆልፈው እዚያ ያለውን ነው። ፈረንጆቹም ዋናውን ኮምፒዩተር «አስተናጋጅ»፣ ውስጠኛውን «እንግዳ» ነው የሚሏቸው። መካከል ላይ ቆሞ የሚያከፋፍለውና የሚጠብቀው ዘበኛ ደግሞ ሃይፐርቫይዘር ይባላል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። የአይቢኤም መሐንዲሶች በ1960ዎቹ አሜሪካ ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ አንዱን ግዙፍ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው ሲያካፍሉ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሙሉ ማሽን እንዳለው እንዲሰማው ያደረጉት በዚህ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ቪኤምዌር በ1999 ነገሩን ተራ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ኮምፒዩተር አወረደው። ቨርቹዋልቦክስ በ2007 ወጣ፤ እስከ ዛሬም በነጻ ይገኛል።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን «ስናፕሾት» የሚባለው ነው። ሰርቪሱ ንጹሕ ሳለ ፎቶ ያነሱታል እንበል። ከዚያ እንግዳው የፈለገውን ያህል ቢያመሰቃቅለው «ወደ ፎቶው መልሰኝ» ስትይ ቤቱ ቀድሞ እንደነበረ ይሆናል። የምን መጥረግ! የምን መወልወል!

ላፕቶፕሽ ይችላል ወይ?

አቅምን ማወቅ ደግ ነው። ቆጣሪው አንድ ነው ብያለሁ፤ ለሰርቪሱ የሰጠሽው ሜሞሪ ከሳሎኑ ይቀነሳል። ላፕቶፕሽ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ካለው 4ቱን ለእንግዳው ሰጥተሽ ቀስ እያለም ቢሆን ይሠራል። 16 ካለው ምቾት ነው። ጠቅላላው 4 ብቻ ከሆነ ሁለቱም ቤት ይጨልማል፤ አትድከሚ። ዲስክሽ ላይም ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 11 ብቻውን 64 ጊጋባይት ዲስክ ይጠይቃል።

ቀጥሎ ታስክ ማኔጀርን ክፈቺ፣ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ግቢና «ሲፒዩ» የሚለውን ተጫኚ። «ቨርቹዋላይዜሽን» ከሚለው ፊት ለፊት «ኢኔብልድ» ካለ መልካም። «ዲሴብልድ» ካለ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ባዮስ ውስጥ ገብተሽ ማብራት ይኖርብሻል። ይህን ካልደፈርሽ የሚጠግን ሰው በደቂቃ ያበራልሻል።

ዊንዶውስሽ «ፕሮ» ከሆነ ደግሞ ከዚህ የሚቀል አቋራጭ አለሽ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዊንዶውስ ሳንድቦክስ የሚባል የራሱ ሰርቪስ ቤት አብሮት ይመጣል። «ዊንዶውስ ፊቸርስ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ታበሪዋለሽ። ስትከፍቺው ንጹሕ ዊንዶውስ፤ ስትዘጊው ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። «ሆም» የሚለው ዊንዶውስ ላይ ግን የለም። አንድ ነገር ልብ በይ፤ ሳንድቦክስ ሲከፈት ኢንተርኔቱና ኮፒ ፔስቱ ክፍት ሆነው ነው የሚጀምሩት።

አሠራሩ

ቨርቹዋልቦክስን ራሱን ከሠሪዎቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርጂው። ሰርቪስ ቤቱን በተሰረቀ ጡብ መሥራት አያምርም! ዊንዶውሱንም ከማይክሮሶፍት ከራሱ ገጽ። ጫኚው፣ አፕዴት አድርጊው፣ ከዚያ ስናፕሾት አንሺና «ንጹሕ» ብለሽ ሰይሚው።

አሁን ወደ በሮቹ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ለምቾት ሲባል ወደ ሳሎን የሚከፈቱ በሮች አሉት። ተከራዩ በጓዳ በር የሚገባ ከሆነማ ሰርቪስ ቤቱ ምን ጠቀመ?

አንደኛው በር የጋራ ፎልደር ነው። የሙሽሮቹ ቪዲዮ ያለበትን ፎልደር ለእንግዳው ካጋራሽው ቆላፊው እሱንም ይቆልፈዋል። አጥፊው። ሁለተኛው ኮፒ ፔስትና ጎትቶ መጣል ነው። ሁለቱም «ዲሴብልድ» መሆናቸውን አረጋግጪ። ከሳሎኑ ኮፒ ያደረግሽው የይለፍ ቃል ወደ ሰርቪሱ መሻገር የለበትም። ሦስተኛው ዩኤስቢ ነው። ባክአፕ ያለበት ሃርድ ዲስክ በዚያ ሰዓት ተሰክቶ እንዳይገኝ። አራተኛውና ትልቁ በር ኔትወርክ ነው። የሚሞከረውን ፋይል እንግዳው ውስጥ ሆነሽ አውርጂ፣ ከማስነሳትሽ በፊት ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ኔትወርኩን «ኖት አታችድ» አድርጊው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቆላፊ ማንም ክሊክ ሳያደርግለት ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በኔትወርክ እየዘለለ የብሪታንያ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ማወኩ አይዘነጋም። ቢሮ ወይም ካፌ ውስጥ ከሆንሽ ይህ በር የአንቺ ብቻ አይደለም፤ የሌላውም ጭምር ነው።

ደግሞ አደራ! እንግዳው ቤት ውስጥ ሆነሽ ኢሜይልሽን፣ ባንክሽን፣ ማኅበራዊ ገጽሽን እንዳትከፍቺ። ሰርቪስ ቤት የሚታደር እንግዳ የቦርሳሽን ቦታ ማወቅ የለበትም።

አሁን ማጥመጃ አስቀምጪ። እንግዳው ዴስክቶፕ ላይ ምንም ዋጋ የሌላቸው ጥቂት ፎቶና የጽሑፍ ፋይሎች በትኚ። ከዚያ ፕሮግራሙን አስነሺው። የፋይሎቹ ስም ጅራት ካበቀለ፣ ወይም ካልተከፈቱ ጉዱ ወጣ። ታስክ ማኔጀርን ከፍተሽ ያልጠራሽው ፕሮግራም ተነስቶ እንደሆነ ተመልከቺ። «ስታርትአፕ» ውስጥ ራሱን መዝግቦ እንደሆነ እይ። አንቲ ቫይረሱን አጥፊልኝ ብሎ የሚለምን ከሆነማ ምርመራውም አያስፈልግም። ዘበኛውን አሰናብቱልኝ የሚል እንግዳ ምን ሊሠራ እንደመጣ የታወቀ ነው።

ሲያበቃ ወደ «ንጹሕ» ስናፕሾት ተመለሺ። አለቀ።

«ምንም አልሆነም» ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም

ይህን ሁሉ ብዬ ዘዴው ፍጹም ነው ብልሽ ዋሸሁሽ። ሦስት ነገር ላስጠንቅቅሽ።

አንዳንዱ ሌባ ሰርቪስ ቤት መሆኑን ያውቃል። የማሽኑን ስም፣ የሜሞሪውን ማነስ፣ የቨርቹዋልቦክስን ምልክት እያየ «ይህ እውነተኛ ቤት አይደለም» ብሎ ዝም ይላል። ጨዋ ይመስላል። አንዳንዱም ቀን ቆጥሮ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ሰርቪሱ ውስጥ ክፉ ሲሠራ ካየሽው ክፉ ነው፤ ምንም ካልሠራ ግን ገና ፍርዱ አልተሰጠም።

ሁለተኛ፣ ግድግዳውም አንዳንዴ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 «ቬነም» የተባለ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። በዚያ በኩል እንግዳው ከክፍሉ ወጥቶ ዋናው ቤት ሊገባ ይችል ነበር። ቀዳዳው የት ቢገኝ ጥሩ ነው? ማንም የማይጠቀምበትን የድሮ ፍሎፒ ዲስክ በሚያስመስለው ክፍል ውስጥ! ከ2004 ጀምሮ ሳይታይ ኖሯል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ሆኖም ቨርቹዋልቦክስን ሁልጊዜ አፕዴት ማድረግ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሌባ በክራክ ብቻ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የተባለው የታወቀ የኮምፒዩተር ማጽጃ ራሱ ተጠልፎ፣ የኩባንያው ሕጋዊ ማኅተም እንዳለበት ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒዩተሮች ላይ ሰርጎ ገብ ይዞ ተጭኗል። የታወቀ ስም ስላየሽ ብቻ ልብሽን አትጣዪ።

ታዲያ ለአንቺ ምን ይበጅሻል?

እኅቴ፣ እንደ ታላቅ ወንድም ልንገርሽ። ቨርቹዋል ማሽን መሞከሪያ ነው፤ ለክራክ የንጽሕና ወረቀት መስጫ አይደለም። ያ ፍላሽ ላይ ያለው ነገር ሰርቪሱ ውስጥ አንድ ሳምንት ጨዋ ሆኖ ቢሰነብት እንኳ፣ 3 ሙሽሮች ወዳሉበት ሳሎን አስገቢው አልልሽም። እዚያው ሰርቪስ ውስጥ ልሥራበት ብትዪም አያዋጣሽም፤ ቪዲዮ ማቀናበር ከባድ ሥራ ስለሆነ በእንግዳው ቤት ውስጥ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ፍላሹን ለባለቤቱ መልሺለት። ክፉ ቃል አያስፈልግም፤ «ሌላ አገኘሁ» በይው።

ደግሞም ውሸት አይሆንብሽም፤ አለ! ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ እትም አለው፤ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ ጠንከር ያለ ኮምፒዩተር ይፈልጋል እንጂ። ላፕቶፕሽ ደከም ያለ ከሆነ ኬደንላይቭና ሾትከት ሙሉ በሙሉ ነጻ ናቸው። ሁሉንም ከሠሪዎቻቸው ገጽ ብቻ አውርጂ። የትኛው እንደሚስማማሽ ለማየት መጀመሪያ ሰርቪሱ ውስጥ ጭነሽ ገጽታውን ብትለማመጂ ዋናው ላፕቶፕሽ በሙከራ አይጨናነቅም፤ ዘዴው ለዚህም ይሆናል። አሁን በእጅሽ ያለውን የሁለቱን ሰርግ ግን በለመድሽው በአሮጌው ፕሮግራም ጨርሺ። ማስረከቢያው 2 ሳምንት ሲቀረው ቢላ አይለወጥም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ዛሬውኑ፣ ይህን ጋዜጣ እንዳስቀመጥሽ፣ የ3ቱንም ሙሽሮች ቪዲዮና ፎቶ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርጊና ነቅለሽ አስቀምጪው። ነቅለሽ ነው ያልኩት! ተሰክቶ የዋለ ባክአፕ አብሮ ይቆለፋል። ላፕቶፕ በዕቁብ ይገዛል። ሙሽራ አባቷ እጅ ስትነሳ የተቀረጸው ግን ሁለተኛ አይቀረጽም። የሰው አደራ ነው የያዝሽው።

ለሌሎቻችሁም አንድ ቃል። «እኔ ላፕቶፕ የለኝም» የምትሉ ብዙ ናችሁ፤ ስልካችሁም ያው ነው። ከማታውቁት ቻናል የወረደ ኤፒኬ ስትጭኑ እንግዳውን ያስገባችሁት መኝታ ቤት ነው፤ ምክንያቱም ባንካችሁም፣ ገንዘባችሁም፣ የሚስጥር ቁጥራችሁም እዚያው ስልክ ላይ ነው ያለው። እዚያ ላይ ሰርቪስ ቤት እንደ ኮምፒዩተሩ በቀላሉ አይሠራምና መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አለመጫን።

ለመሆኑ ያ የአያቴን ድምፅ ላጠራበት የተመኘሁት ፕሮግራምስ? ወይ ነዶ! ጎረቤትን ጩኸት የሚቀንስ ኦዳሲቲ የተባለ ፕሮግራም ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ፣ ያለምንም ክራክ ይገኝ ኖሯል። የሰፈራችን ልጅ ነው ያሳየኝ። አውርጄ በሱ ልሠራው ስል ግን ተውኩት። ሲኒውም ይንኳኳ፣ ዶሮውም ይጩህ። ከዚህ በላይ ከዚያ ቀረጻ ላይ አንዲት ነገር መቀነስ አልፈለግኩም።

አያት ያላችሁ ሂዱና አስቆጥሩ። የተቀዳውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። አንቺም እኅቴ፣ ሰርጉን አስረክበሽ ስትጨርሺ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ስምሽ እንደተለመደው ይቆያል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ዕቁቡ እንመለሳለን።

እስከዚያው ቸር ሰንብቱ!